የሐሙስ ምሽት

ስድስት ኪሎ፣ ግብፅ ኤምባሲ አካባቢ፣ «ኮፊ ሃውስ» የሚባል ቤት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጃዝ ይጫወቱበት ነበር። አቅሜ ከአንድ ማኪያቶ ስለማያልፍ ያንኑ ይዤ አመሻለሁ። አስተናጋጇ «ላንሳው?» እያለች ሁለቴ ትመጣለች፤ በሦስተኛው ትተወኛለች። (እግዜር ይስጣት፤ የሙዚቃውን ግማሽ የሰማሁት በእርሷ ዝምታ ነው።)

ከዚያ በፊት ሙዚቃ ለእኔ ካሴት ነበር፤ ሁልጊዜ በጀመረበት ጀምሮ በጨረሰበት የሚጨርስ። እዚያ ግን ያው ዜማ በሳምንቱ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ሳክስፎኑ መንገድ ይስታል፤ ድራሙ ይጠብቀዋል፤ ተጫዋቾቹ ተያይተው ይሣሣቁና እንደገና ይገናኛሉ። ቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ጓደኛዬ አንድ ምሽት «ይህማ ቅኔ ዘረፋ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ባለቅኔ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግመውም።

ለዚህ ይመስለኛል ስለ ሙዚቃችን «ወርቃማ ዘመን» በተነሣ ቁጥር ቅር የሚለኝ። ወርቁን ሁሉ ከአብዮቱ በፊት ለታተሙት ሸክላዎች አከፋፍለን ስንጨርስ፣ በእኛው ዕድሜ፣ በእኛው ፊት ለተጫወቱት ምን ይተርፋቸዋል? የሸክላው ዘመን ቢያንስ ሸክላ አለው። የእነዚያ ሐሙሶች ማኅደር ግን በአብዛኛው የሰሚው ጆሮ ነው።

ሰሚው ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔም አደራ በላሁ። ፒያሳ፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ «ጃዝ አምባ» ሲከፈት የባንክ ሠራተኛ ሆኜ ነበር። ግሩም መዝሙርና አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የጥንቱን ዘፈን በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በአየለ ማሞ ማንዶሊን እንደ አዲስ ያስነሡበት ቤት ነው። አሁን ማኪያቶ ቀርቶ እራት የሚችል ደመወዝ አለኝ። ነገር ግን ዐሥር ብር ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሒሳቡ ሲገጥም ደግሞ እኔ ደክሜአለሁ። «በሚቀጥለው ሳምንት» እላለሁ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ሆቴሉ ላይ እሳት ተነሣ፤ ጃዝ አምባም አብሮ ነደደ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሄጄ ከውጭ ቆምኩ። ጢሱ ገና ይሸት ነበር። ከቆሙት ጋር ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ዕንባም ተናነቀኝ። ወደ መስኮቴ ተመልሼ የሰው ብር ስቆጥር ግን አንድ ሌላ ቁጥር መጣብኝ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሄድኩ? አንድ ጊዜ። እሳቱን የምወቅስበት አፍ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሙዚቃ ቤት ናፍቆት ግጥም መጻፍ ትቻለሁ። ናፍቆቱ ይገጥማል፣ ቤቱ ግን አይታይበትም። ይልቅ የሰማሁትን በተራ ዐረፍተ ነገር፣ በደብተር መመዝገብ ይዣለሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተጫወተ፣ የትኛው ዜማ የት ላይ እንደ ተሰበረ፣ መብራት የጠፋ ምሽት በሻማ እንዴት እንደ ቀጠሉ። እስካሁን ሁለት ገጽ ተኩል ደርሷል። ኮፊ ሃውስ ዐይኑን ጨፍኖ ባስ ይጫወት የነበረውን ሰው ስም ግን ምንም ብል ላስታውሰው አልቻልኩም፤ ቦታውን ክፍት ትቼለታለሁ።