አንጎል ክራር ይመታልን?

ከአንጎል ሞገድ ሙዚቃ ይወጣል ሲባል ከመካከላችን የሚስቁ አሉ። ሌሎች ደግሞ መሣሪያው የልባችንን ምስጢር ሳይቀር ያዜመዋል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም።

ሐንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ በ1929ም አሳተመው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ይህ ሞገድ በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ጆሯችን ግን ከ20 በታች የሆነውን እንደ ድምፅ አይሰማውም። አሜሪካዊው አልቪን ሉሲየር በ1965 ለዚህ ዘዴ አገኘለት። ዓይኑን ጨፍኖ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሞገዱን አጉልቶ በከበሮዎች አጠገብ ወደ ቆሙ ድምፅ ማጉያዎች ላከው፤ ከበሮዎቹም የሰው እጅ ሳያርፍባቸው ተንቀጠቀጡ። (የጎፋ ገብርኤልን የንግሥ ቀን ከበሮ ያየ ሰው ይህን ምትሃት ነው ሳይል አይቀርም!)

እንግዲህ ከአንጎል የሚወጣው መርገብገብ ብቻ ነው፤ ዜማውን የሚያዘው ሰው ነው። የፒያኖን 12 ድምፆች ካዘዘው ፒያኖ ይሆናል፤ ትዝታን ወይም አንቺሆዬን ካዘዘው ደግሞ የእኛ ይሆናል። ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ ላይ ቀርጾ በመሣሪያ እየለዋወጠ አዲስ ሙዚቃ ያወጣ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ የመሣሪያ ሰው ሆኖ ሳለ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው ክራሩን፥ መሰንቆውንና ዋሽንቱን ሰብስቦ ነው።

በሰፈራችን ክራር ይመቱ የነበሩ አንድ አባት አሉ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሦስት ዓመት ሆነ። ልጆቻቸው ሬዲዮ ይከፍቱላቸዋል። አንድ ቀን «ልጄ፥ መስማቱስ መች አነሰኝ» አሉኝ። ኤድዋርዶ ሚራንዳ የተባለው የሙዚቃ ሊቅ በ2015 በሎንዶን እጅ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን አራት ሕሙማን ሙዚቀኛ አድርጓቸዋል። ሕሙማኑ ብልጭ ድርግም ከሚሉ ምልክቶች አንዱን አተኩረው ሲያዩ አንጎላቸው ብልጭታውን ይከተላል፤ መሣሪያውም የመረጡትን ዜማ ለተጫዋቾቹ ያሳያል፥ እነርሱም ወዲያው ይጫወቱታል። የእኛው አባት ባቲን ይመርጡ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን ባቲ በመሣሪያው ውስጥ ካልገባ ከምን ላይ ይመርጣሉ?

ወላጆቻችን ይህ ቅንጦት ነው ይሉን ይሆናል። ሞገዱ ከአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ እጅ በአሥር በአሥር የሚቆጠር በመሆኑ ጥሩ ማጉያ ገንዘብ መጠየቁ እውነት ነው። የቅኝቶቻችንን ክሮች በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ ለክቶ መመዝገብ ግን አንድ ክራርና አንድ መለኪያ ይበቃዋል። የፊዚክስ መምህራችን ቅዳሜ ጧት ላቦራቶሪውን ቢከፍቱልን ክራሩን እኔ አመጣለሁ።