የቤት ብድርና የቆየ ዕዳ

የራስ ቤት የብዙ እናቶች የዘወትር ምኞት ነው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ቤት የተመዘገቡ ነዋሪዎች በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቆጥቡ የኖሩት ይህንኑ ምኞት ይዘው ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ዕጣ የደረሰው ሰው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ከቁጠባው ሲከፍል፣ ቀሪው 80 በመቶ በባንክ ብድር ይሸፈናል። ስለሆነም ቤቱ የሚገኘው ከረጅም ዘመን ዕዳ ጋር ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምንመካከረው ሌላ ዕዳ እየከፈሉ ይህን ብድር ለመጨመር ስለሚያስቡ ቤተሰቦች ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ያለባቸውን ዕዳ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የመሥሪያ ቤት የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ የሱቅ ዱቤ፣ ከዘመድ የተወሰደ ገንዘብ፣ አንዱም አይቅር። ዕቁብ ወጥቶላችሁ ከሆነም የቀረው መዋጮ ዕዳ እንጂ ቁጠባ አይደለምና ይጻፍ። ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድር እናትም ይህንኑ ታድርግ። ባንክ የተበዳሪውን የብድር ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ያጣራል፤ ዕቁቡና የሱቁ ዱቤ ግን እዚያ አይገኙም። እነዚህን የምታውቁት እናንተው ናችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና ከትዳር ጓደኛ የተደበቀ ዕዳ ካለ አሁኑኑ ይነገር።

ሕጉም ቢሆን ምክክርን ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ያላነበብሽውንና ያልገባሽን ውል «ፈርሚ» ስለተባልሽ ብቻ አትፈርሚ።

ቀጥሎ ሒሳቡን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል የባልና የሚስት ደመወዝ ተደምሮ 24,000 ብር ነው እንበል። በየወሩ ለብድርና ቁጠባ ማኅበር 2,000፣ ለዕቁብ 1,500፣ ለሱቅ ዱቤ 1,000፣ በድምሩ 4,500 ብር ይከፍላሉ። በ12 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት የሚከፈል 500,000 ብር ቢበደሩ ወርኃዊ ክፍያው 5,505 ብር ያህል ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 5,000 ብሩ ወለድ ስለሆነ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 505 ብር ብቻ ነው።

ይህ ከቀድሞው ዕዳ ጋር ሲደመር 10,005 ብር ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ድንጋጌው አሠሪ ስለሚቆርጠው ገንዘብ ቢሆንም ለቤት ሒሳብም ጥሩ መለኪያ ነው። የ24,000 ብር አንድ ሦስተኛ 8,000 ብር ነው። ዕቁቡና ዱቤው ቢያልቁ ግን የማኅበሩና የቤቱ ብድር ብቻ ቀርቶ ጠቅላላው ክፍያ ወደ 7,505 ብር ይወርዳል።

እንግዲህ ዕጣ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። ለመጠናቀቅ የቀረበውን ዕዳ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከዚያ የተረፈውን ወደሚቀጥለው ዕዳ አዙሩ እንጂ ወደ አዲስ ዱቤ አታውሉት። ዕጣው ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ክፍያ ሳታቋርጡ ወደ ማኅበሩ ሄዳችሁ የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘምላችሁ ጠይቁ። የጎደለውን ለመሙላት ግን ወደ አራጣ አበዳሪ አትሂዱ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለምክንያት አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 የቤት ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው፣ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። በስንት ዓመት ቁጠባ የተገኘ ቤት በሱቅ ዱቤና በዕቁብ መዋጮ ምክንያት ክፍያው ተጓድሎ ከልጆች እጅ ቢወጣ እጅግ ያሳዝናል።

ስለዚህ እናቶች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ወረቀትና እርሳስ አዘጋጁ፤ ከባለቤታችሁም ጋር ተቀምጣችሁ አስሉ። ከሦስት አንዱን ካላለፈ በርቱ። ካለፈም አስቀድሞ የሚዘጋውን ዕዳ ለይታችሁ ቀን ቁረጡለት።