የአምናው ብር፣ የዛሬው ቆርቆሮ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። አስመጪውም፣ መለዋወጫ ሻጩም ዋጋውን አስተካከለ። ባለበት የቀረው በመኪና ኢንሹራንስ ፖሊሲ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። በዚያ ላይ ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበር፣ እጅ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ራሱ ተወዶ ነበር።

ጅማ፣ ጊንጆ የሚኖር አንድ ባለ አይሱዙ ይታሰብ። በቡና ወቅት ከአጋሮ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ለስሌት እንዲመች፣ ሙሉ ሽፋን የገባው በ2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ገበያው ዛሬ 3 ሚሊዮን ይላል። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠበት።

ጉዳቱ የ600 ሺህ ብር ቢሆን እንኳ ሙሉውን አያገኝም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ (የ2013ቱ አዲስ ሕግ የኢንሹራንሱን ክፍል አልተካውም) ከዋጋው በታች ዋስትና የገባን ሰው ለልዩነቱ የራሱ መድን ሰጪ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለት ሦስተኛው፣ 400 ሺህ ይደርሰዋል፤ ከዚያም ላይ የራሱ ድርሻ ይቀነሳል።

ጉዳቱ ከበድ ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጋራዡ ፕሮፎርማ በዛሬ ዶላር ይሠራል፣ የሚነጻጸረው ግን ከአምናው ብር ጋር ነው። ስለዚህ መጠገን የሚችል መኪና «ቶታል ሎስ» ይባላል። ባለቤቱ 2 ሚሊዮኑን ተቀብሎ ሊብሬውን ያስረክባል። በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ገንዘቡን ቀድሞ የሚወስደው ባንኩ ነው። ቆርቆሮውን ኩባንያው በጨረታ ይሸጣል፤ በስንት? በዛሬ ዋጋ!

«አረቦን የሰበሰብነው በ2 ሚሊዮን ልክ ነው» ይላሉ ኩባንያዎቹ። እውነት ነው። ያልተከፈለበትን ክፈሉ የሚላቸውም የለም። ግን የመኪናው ዋጋ ቢወርድ ኖሮ ያንኑ 2 ሚሊዮን ይከፍሉ ነበር? አይከፍሉም። ሕጉ ካሳው አደጋው በደረሰበት ዕለት ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ስለሚል፣ አረቦኑን በ2 ሚሊዮን ልክ ሰብስበው በገበያው ዋጋ ይከፍላሉ። ዋጋ ሲወርድ ገበያው፣ ሲወጣ ፖሊሲው። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ያው ደንበኛ ነው።

የገበያውን ዋጋ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ በየቀኑ ፕሮፎርማ ይቀበላል። ለእንቁጣጣሽ የመልካም ምኞት መልእክት የሚልክ ድርጅት «የመኪናዎ ዋጋ ከፖሊሲዎ በልጧል፣ መጥተው ያስተካክሉ» የሚል አንድ መስመር መላክ እንዴት ያቅተዋል? ዝም ያለው ዝምታው ስለሚያዋጣው ነው። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነውና፣ ማሳወቂያውን ግዴታ ያደረገ መመሪያ ማውጣት አለበት፤ ሳያሳውቅ የቀረ ኩባንያም ጥገናን በድርሻ ቀንሶ መክፈል ሊከለከል ይገባል።

መመሪያው እስኪመጣ ባለ አይሱዙው ለቡና ጭነት ከመውጣቱ በፊት ፖሊሲውን ይዞ ቅርንጫፉ ይሂድ። የዋጋ ማስተካከያውን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ተጨማሪውን አረቦን ይክፈል፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ሳይቀበል አይውጣ።