ባለ አክሲዮን ዋጋን ከመናቁ በፊት ዕዳውን ይመልከት

ለብቻው የሚነግድ ሰው ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ስለ ሆነ፥ የሱቁን ሁኔታ ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም፤ ማታ መዝገቡን ገልጦ ያየዋል። ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው በማኅበር የሚነግዱ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገንዘቡን ያወጣው በአንድ ስፍራ፥ ሥራውን የሚያካሂደው በሌላ ስፍራ፥ ያበደረውም በሦስተኛ ስፍራ ይቀመጣል። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ በደከመ ጊዜ፥ ወደ ፊት የሚሆነውን ነገር እያንዳንዱ በየራሱ ዓይን ይመለከተዋል። እንዲህ ያለው ፍርድ ሀብትን የሚያድንበትም የሚያጠፋበትም ጊዜ ስላለ፥ በአሜሪካ አገር ኤዲ ባወር በሚባለው የልብስ ንግድ ማኅበር ላይ የደረሰውን ነገር ለአንባቢዎቻችን መግለጥ ጠቃሚ ሆኖ ታየን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤዲ ባወር የተባለው ሰው በ1899 ዓ.ም. ዋሺንግተን በሚባለው የሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ግዛት ተወልዶ፥ በ1920 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ የቴኒስ መጫወቻ ዕቃ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። እርሱ ራሱ አዳኝና ዓሣ አጥማጅ ነበረ። በአንድ የብርድ ወራት ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ፥ የለበሰው የሱፍ ልብስ ርሶበት ብርዱ ሊገድለው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚህ በኋላ ክብደቱ ቀላል ሆኖ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ ለመሥራት አሰበ፤ ለስላሳ የወፍ ላባ የተሞላ፥ ላባውም ወደ አንድ ወገን እንዳይከማች በስፌት የተከፋፈለ ኮት ሠርቶ በ1940 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ከመንግሥት ተቀበለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የአየር ጦር ሰዎች ከብርድ የሚከላከል ልብስ ሠራ። በ1963 ዓ.ም. ጂም ዊቴከር ከአሜሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ በኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ በቆመ ጊዜ፥ የጉዞው ልብስ የተሰናዳው ከዚሁ ቤት ነበር። እንግዲህ የዚህ ማኅበር ስም የተተከለው በማስታወቂያ ብዛት ሳይሆን፥ ሕይወቱን በልብሱ ላይ የጣለ ሰው ባገኘው እምነት ነው።

ባለቤቱ በ1968 ዓ.ም. ከሥራው ወጥቶ ንግዱን ከሸጠ በኋላ፥ በ1971 ዓ.ም. ጄኔራል ሚልስ የተባለ የምግብ ማኅበር ገዛው፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ዕቃን በፖስታ በመላክ የሚነግደው ስፒገል የተባለው ማኅበር ወሰደው። በእነዚህ ዓመታት መደብሮቹ እየበዙ ሄዱ፤ ነገር ግን ለተራራና ለአደን የሚሆነው ልብስ እያነሰ፥ ማንኛውም መደብር ሊሸጠው የሚችል የከተማ ልብስ እየበዛ መጣ። ስሙ በፎርድ አውቶሞቢል ላይ ተለጠፈ፤ ለቤት ውስጥ ዕቃም ስያሜ ሆነ። ገዢው ሕዝብ ስሙን እንዳወቀው ቀረ፤ ወደዚያ ሱቅ የሚሄድበትን ምክንያት ግን እየረሳው ሄደ።

በ2003 ዓ.ም. ስፒገል ከስሮ ወደ ፍርድ ቤት ገባ። በ2005 ዓ.ም. ኤዲ ባወር ከኪሳራው ተለይቶ ራሱን የቻለ ማኅበር ሆነ፤ አክሲዮኑም ለስፒገል አበዳሪዎች በገንዘባቸው ምትክ ተሰጠ። ማኅበሩ ራሱን በቻለበት በዚያው ጊዜ 300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ብድር ተሸክሞ ነበር። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ሊለው ይገባል። ከባለ አክሲዮኖቹ ብዙዎቹ የልብሱን ንግድ መርምረው የገቡበት ሰዎች አልነበሩም፤ ቀድሞ ያበደሩትን ገንዘብ ለመመለስ የሚጠባበቁ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ዘወትር የሚያስበው ትናንት የጐደለበትን እንጂ ዛሬ በእጁ ያለውን አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ሰን ካፒታልና ጎልደን ጌት ካፒታል የሚባሉ ሁለት ባለገንዘብ ማኅበሮች፥ ለአንዱ አክሲዮን 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍለው ማኅበሩን ጠቅልለው ለመግዛት ተዋዋሉ። ይህም ለባለ አክሲዮኖች የሚከፈለው 286 ሚሊዮን ዶላር፥ ገዢዎቹ የሚረከቡት ዕዳ 328 ሚሊዮን ዶላር፥ በጠቅላላው 614 ሚሊዮን ዶላር ነበረ። የማኅበሩ አስተዳዳሪዎች ባለ አክሲዮኖች ውሉን እንዲቀበሉ መከሩ። ታላላቆቹ ባለ አክሲዮኖች ግን ዋጋው አነስተኛ ነው ብለው ተቃወሙ።

የሁለቱም ወገን አሳብ መሠረት ነበረው። እሺ የሚለው ወገን ገበያው እየደከመ ዕዳው ግን ሳይጎድል መቅረቱን ይመለከት ነበር። እምቢ የሚለውም ወገን የስሙን ዕድሜ፥ የመደብሮቹን ብዛት፥ ደግሞም ብልሆች ነጋዴዎች ሊገዙት መፈለጋቸውን አይቶ፥ እነርሱ ሊያተርፉበት ካሰቡ እኛ ራሳችን ስለ ምን አናተርፍበትም ይል ነበር። ይህ ጥያቄ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። የደከመ ንግድ ገዢ ሲመጣለት ሻጩ የችኮላ ዋጋ እንዳይቀበል መጠንቀቅ ይገባዋል፤ አስተዳዳሪዎችም የመከሩትን ሁሉ ባለ አክሲዮን ዝም ብሎ ቢያጸድቅ፥ ድምፅ መስጠቱ ስለ ምን አስፈለገ?

በ2007 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ጉባኤው ተሰብስቦ ውሉን ሻረው። ዋና ሥራ አስኪያጁም ከሥራው ወጣ። በእርሱ ፈንታ የተሾመው ኒል ፊስክ ማኅበሩን ወደ ጥንት ሥራው፥ ማለት ወደ ተራራና ወደ ብርድ አገር ልብስ ለመመለስ ተነሣ፤ በ2009 ዓ.ም. በስመ ጥሩ ተራራ ወጪዎች የተፈተነ አዲስ ዓይነት ልብስ ለገበያ አቀረበ። መድኃኒቱ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ዕዳ የበሽተኛውን መዳን ታግሦ አይጠብቅም። ልብስ ታስቦ፥ ተሰፍቶ፥ በመደብር ተሰቅሎ እስኪሸጥ ድረስ ብዙ ወራት ያልፋሉ፤ የብድሩ ወለድ ግን በቀኑ ይጠየቃል። በዚህ መካከል በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ ባንኮች ተናወጡ፤ ሕዝቡም ከመግዛት እጁን ሰበሰበ።

በ2009 ዓ.ም. በጁን ወር 370 ያህል መደብሮች የነበሩት ይህ ማኅበር መክፈል አቅቶት የፍርድ ቤትን ጥበቃ ለመነ። በሐራጁ መጀመሪያ ሲሲኤምፒ ካፒታል የሚባለው 202 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፤ በጁላይ ወር በመጨረሻ ያሸነፈው ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ለመግዛት መጥቶ የተመለሰው ጎልደን ጌት ካፒታል ነው። የከፈለውም ዋጋ 286 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

ቍጥሩ አንድ ነው፤ ትርጕሙ ግን እጅግ የተራራቀ ነው። የፊተኛው 286 ሚሊዮን በባለ አክሲዮኖች እጅ ሊገባ የነበረ፥ ዕዳውንም ገዢው የሚሸከምበት ነበረ። የኋለኛው 286 ሚሊዮን የማኅበሩ ጠቅላላ ዋጋ ሆኖ ወደ አበዳሪዎች ሄደ። አንድ ሺህ አክሲዮን የነበረው ሰው በ2007 ዓ.ም. 9,250 ዶላር ሊቀበል ይችል ነበር፤ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ ግን ባዶ እጁን ቀረ። አብዛኞቹ መደብሮች አልተዘጉም፤ ስሙም አልሞተም፤ በ2021 ዓ.ም. አውተንቲክ ብራንድስ የሚባለው ማኅበር ከሸሪኩ ጋር ገዝቶታል። ስሙ ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተላለፈ ኖረ፤ በስሙ የተማመኑት ባለ አክሲዮኖች ግን ከዚያ ቤት ወጡ።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ሊጠቅስ ይችላል። እኛ ግን ፍርዱ በዚህ ብቻ እንዲያልቅ አንወድም። የ2008 ዓ.ም. ነውጥ ባይመጣ ኖሮ ማኅበሩ ምናልባት ይድን ነበር፤ ውጤቱ ክፉ ስለ ሆነም ብቻ አሳቡ ሁሉ ሞኝነት ነበረ ማለት ከነገሩ በኋላ የሚመጣ ብልኀት ነው። የሚነቀፈው እምቢ ማለታቸው አይደለም፤ እምቢታቸው ዕዳውን በሚገባ አለመመዘኑ ነው።

በማኅበር ንግድ ሕግ የአከፋፈል ተራ አለ። ማኅበሩ በፈረሰ ጊዜ አስቀድሞ መያዣ ያለው አበዳሪ ይከፈለዋል፤ ከእርሱም በኋላ መያዣ የሌለው ገንዘብ ጠያቂ ይቀበላል፤ ባለ አክሲዮን የሚደርሰው የተረፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕዳ የሌለበት ማኅበር ባለቤት የቀረበለትን ዋጋ ንቆ አምስት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ ቢሳሳትም የሚጎድልበት ከፊሉ ነው። ዕዳ የከበደበት ማኅበር ባለቤት ግን የሚጠብቀው በሰው ገንዘብ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ቢሳሳት የሚጎድልበት ሁሉም ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ትዕግሥት ሊኖራቸው አይገባም።

እንግዲህ ዋጋ አልቀበልም የሚል ባለ አክሲዮን አስቀድሞ ለሦስት ነገሮች መልስ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ዕዳው የሚከፈልበት ቀን መቼ ነው? ሁለተኛ፥ ንግዱ እስኪቃና ድረስ ወለዱ ከየት ይከፈላል? ሦስተኛ፥ ብድር የሚሰጥ ቢጠፋ እኔ ራሴ ከኪሴ ጨምሬ አወጣለሁን? ለሦስተኛው ጥያቄ አላወጣም ብሎ የሚመልስ ሰው፥ ማኅበሩ ከቀረበለት ዋጋ ይበልጣል ማለቱን እንደ ገና ይመርምረው። በራሱ ገንዘብ ሊያጸናው ያልወደደው አሳብ ምኞት እንጂ እምነት አይባልም።

ይህ ነገር ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ የሚነገር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአክሲዮንና የሰነድ መገበያያ ተከፍቷል። ከዚህም የተነሣ በደመወዙ ወይም በቍጠባው አክሲዮን የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ እያየ መወሰን ይኖርበታል። የማኅበሮችን ሒሳብ የሚቈጣጠሩ ሹማምንት የዕዳው ልክና የሚከፈልበት ቀን ሕዝቡ ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ተጽፎ እንዲወጣ ቢያደርጉ፥ ሕዝብ ምክር የሚጠይቃቸው ሊቃውንትም የትርፉን ተስፋ ብቻ ሳይሆን የአከፋፈሉን ተራ ቢያስረዱ፥ ከብዙ ጸጸት ያድኑታል። አክሲዮን የያዘ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የትርፍ ድርሻውን ለመቀበል ብቻ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው። ባለቤትም ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ከመከራከሩ በፊት፥ በቤቱ ላይ ማን ስንት እንዳበደረ ሊያውቅ ይገባዋል።