የጥርስ ሽቦና የተማሪ ኪስ

ስለ ጥርስ ሽቦ በተማሪዎች መጽሔት መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ደረጃ፣ ስለ ሥራ ማጣት የሚጻፈው ሳያልቅ ጥርስን ምን አመጣው የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን በመኝታ ቤቶቻችን መተላለፊያ አንድ ጊዜ የተመላለሰ ሰው ጥርሱን በሽቦ ያሳሰረ፣ ለማሳሰር ገንዘብ የሚያጠራቅም፣ ወይም ጀምሮ መጨረስ ያቃተው ተማሪ ማግኘት አያዳግተውም። ተማሪ የሌለውን ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር ደግሞ በዚህ መጽሔት ሊጻፍበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በበኩሌ የምለው አንድ ነገር ነው። ይኸውም በክሊኒኩ በር ላይ የሚነገረን ዋጋ የመጀመሪያው ቀን ዋጋ እንጂ የሕክምናው ዋጋ አይደለም፤ ይህን ሳይረዳ የሚጀምር ተማሪም ጨርሶ ካልጀመረው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል።

በመጀመሪያ የምንከፍለው ለምን እንደሆነ እንወቅ። ብዙዎቻችን የምንከፍለው ለብረቱ ይመስለናል። ጥርስ ግን በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር ተመቶ የቀረ ነገር አይደለም። ሽቦው ጥርሱን በቀስታ ሲገፋው በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል፤ በተለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ የሰውነት ሥራ ስለሆነ በገንዘብም ሆነ በልመና አይቻኮልም። ግፊቱ ከመጠን ካለፈ የጥርሱ ሥር እየተበላ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ሕክምና ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አስቸጋሪው ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ ገደማም ሐኪሙ ሽቦውን ማየትና መለወጥ አለበት። እንግዲህ የምንገዛው ብረት ሳይሆን የባለሙያ ጊዜ ነው፤ እርሱም በአንድ ቀን የሚረከቡት ሳይሆን ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ አምስት በሚደርስ ቀጠሮ የተከፋፈለ ነው።

ሙያው ኦርቶዶንቲክስ ይባላል። (አንድ ጓደኛዬ ስሙን ሲሰማ የሃይማኖት ጉዳይ መስሎት ነበር፤ ፈጽሞ ተሳስቷል አይባልም፤ «ኦርቶ» በግሪክኛ ቀጥ ያለ ማለት ስለሆነ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው።) ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ከሁሉ ይልቅ የደከመው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠም ጉድለቶችን በሦስት መደብ ለየ፤ በ1900 ደግሞ በሴንት ሉዊስ ከተማ ለዚሁ ሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬም ስፔሻሊስት ለመሆን ከጥርስ ሕክምና ትምህርት በኋላ ተጨማሪ ዓመታት መማር ያስፈልጋል። ይህንን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው «ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ስፔሻሊስቱ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው?» የሚለው ነው። በርካሽ ዋጋ ተበላሽቶ የታሰረ ጥርስ እንደ ገና ሲታሰር ሁለት ዋጋ ያስከፍላልና።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሽቦው ከመታሰሩ በፊት ምርመራ አለ፤ የመንጋጋና የጎን ራስ ራጅ አለ፤ የጥርሱን ቅርጽ በልኩ መውሰድ አለ። የተበላ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይሞላል፤ የደነደነ ቆሻሻ ካለም ይታጠባል። ቦታ የጠበበ እንደሆነ ጥርስ ይነቀላል፤ ብዙ ጊዜም ከክራንቻው ኋላ ካሉት ጥርሶች ሁለት ወይም አራት። ከዚህ በኋላ ቅድሚያ ክፍያው፣ ከዚያም በየቀጠሮው የሚከፈለው ይመጣል። በመካከሉ ጥርስ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ መያዣ ትነቀላለች፤ እርሷን መልሶ መለጠፍ በአንዳንዱ ቤት በነጻ ነው፣ በሌላው ያስከፍላል። ቆሎ የምንቆረጥም ሰዎች ይህን አንቀጽ ደግመን ብናነበው መልካም ነው። ቆሎ የተማሪ የቀን ስንቅ የሌሊትም ጓደኛ ስለሆነ እርሱን ትቶ ሁለት ዓመት መኖር ራሱ አንድ ወጪ ነው፤ ሸንኮራ አገዳውና የበቆሎ እሸቱም እንዲሁ።

ሽቦው ከተፈታም በኋላ ሒሳቡ አይዘጋም። ጥርስን የያዙት ክሮች ወደ ቀድሞ ቦታው ስለሚስቡት ሪቴይነር የሚባለውን ማገቻ ማድረግ ግዴታ ነው፤ እርሱም ለጥቂት ሳምንት ሳይሆን ለዓመታት ነው፤ ሲሰበርና ሲጠፋም ይተካል። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው በመጨረሻው ቀን፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሳለ ነው። ማገቻውን ሳይገዛ የቀረ ሰው የሁለት ዓመት ድካሙ በዓይኑ ፊት ወደ ኋላ ሲመለስ ያያል።

ለሒሳቡ እንዲመች አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቁጥሮቹ ከራሴ ያመጣኋቸው እንጂ የማንም ክሊኒክ ዋጋ አይደሉም። ቅድሚያ ክፍያው 40,000 ብር፣ ወርኀዊው 2,000 ብር ለ24 ወራት ቢሆን፣ የወሩ ብቻ 48,000 ብር ይሆናል። ለራጅ፣ ለማጠብና ለመንቀል 7,000፣ ለተሰበረ መያዣ 3,000፣ ለማገቻ 8,000፣ ለመጓጓዣ በየቀጠሮው 200 ብር ማለት 4,800 ብር እንበል። ተደምሮ 110,800 ብር ነው። እንግዲህ «አርባ ሺህ ነው» ተብሎ የገባው ተማሪ በእጁ የያዘው ከግማሽ በታች ነበር ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው በዚህ ቦታ የራሱን ቁጥር ያስገባ፤ ድምሩ ግን ከበሩ ዋጋ እጅግ ርቆ እንደሚገኝ አልጠራጠርም።

በዚህ ላይ የብራችን ነገር አለ። መያዣውም፣ ሽቦውም፣ ማጣበቂያውም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ወር ሕክምናውን በመካከል ላይ አድርሶ የነበረ ሰው ዋጋው በጽሑፍ ካልተወሰነለት በማን እንደሚፈርድ ማሰብ ነው። በአፍ የተነገረ ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ለተማሪ መንገር አያስፈልግም፤ ከሻይ ቤት ያውቀዋል።

አንድ የማውቀው ልጅ አራት ጥርስ ከተነቀለለት በኋላ የወሩን መክፈል አቃተው። ከአገር ቤት ይላክለት የነበረው ገንዘብ ቆመ፤ እርሱም አፍሮ ቀጠሮውን ተወ። ሽቦው ያለ ተመልካች ወራት ቆየ። ሽቦ ያለ ሐኪም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጥርሱን ወዳልታሰበ ቦታ ይገፋል፤ በዙሪያው ጽዳቱ ሲጓደል ደግሞ ጥርሱ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ መቦርቦር ይጀምራል። የተነቀለው ቦታ ሳይዘጋ ልጁ የሚስቀው አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው። ያልጀመረው ጓደኛው የተዛነፈ ጥርስ አለው እንጂ አራት ጥርስ አላጣም።

ስለዚህ ጊዜውም ከገንዘቡ እኩል ይታሰብ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ የአራት ዓመት ተማሪ ዛሬ ቢያሳስር ሕክምናው ሳያልቅ ይመረቃል። ስፔሻሊስቶቹ በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ተመራቂው ግን ሥራው የት እንደሚጥለው አያውቅም። ሌላ ሐኪም የጀመረውን መቀበል ብዙ ሐኪሞች አይወዱም፤ ቢቀበሉም ሒሳቡን እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ከዚህም በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ይዞ እንደሚወጣ አይዘንጋ። በአንድ ዕዳ ላይ ሌላ ለመደረብ መቸኮል ለምን ያስፈልጋል?

«ታዲያ ድኻ ጥርሱ እንደ ተዛነፈ ይቅር ትላለህ?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። በልጅነቱ «ገጣጣ» እየተባለ ያደገ ሰው ሕመሙን እኔ ላስተምረው አልችልም። ማኘክ የሚከለክል፣ የላይኛውን ላንቃ የሚወጋ፣ ከድድ ውስጥ ሳይወጣ የቀረ ጥርስም የመልክ ጉዳይ አይደለም። የምለው ችግሩ ይመዘን ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ባለ አምስት ደረጃ መመዘኛ አለ፤ መንግሥት ከ18 ዓመት በታች ላሉት በነጻ የሚያክመው ጉድለታቸው በመመዘኛው ከፍ ያለውን ነው፤ ዝቅ ያለው በራሱ ገንዘብ ይታከማል። እኛ ዘንድ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለመልክ ተብሎ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም። እንግዲህ ወጪው ከኪስ ከሆነ መዛኙም ባለ ኪሱ መሆን አለበት። ሐኪሙን «ባላሠራው በአምስት ዓመት ውስጥ ምን ይደርስብኛል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል። «ምንም አይደርስብህም፤ መልክህ ብቻ ነው» ካለ፣ ከተመረቁ በኋላ በደመወዝ ማሠራት ይቻላል፤ ጥርስ በጎልማሳነትም ይንቀሳቀሳል። ፍንጭቷን ለማዘጋት ለምትበደር እህት ግን ምን እንደምላት አላውቅም። እናቶቻችን በዘፈን ሲያስወድሱት የኖሩትን ውበት ገንዘብ ከፍሎ ማጥፋት ለእኔ እንቆቅልሽ ነው፤ ጥርሱ የእርሷ ስለሆነ ፍርዱም የእርሷ ነው።

ወጪውን ፈርቶ በራሱ እጅ የሚሞክርም አለ። በስልክ በሚታይ ትምህርት ተመርቶ ፍንጭቱን በተራ ላስቲክ የሚያስር ተማሪ እንዳለ ሰምቻለሁ። ላስቲኩ ቀስ እያለ ወደ ድዱ ውስጥ ገብቶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል፤ ጤነኛው ጥርስም ሊወልቅ ይችላል። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ሕዝቡን ከዚህ እንዲጠበቅ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ከዚህ የከፋ ቁጠባ አላውቅም።

ገንዘቡን ስለ ማዘጋጀት ብዙዎች ዕቁብን ይጠቅሳሉ። ዕቁብ መልካም ነው፤ ነገር ግን አገባቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው ደስ ብሎት ቅድሚያ ክፍያውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ ለዕቁቡም ለክሊኒኩም ይከፍላል፤ ሁለቱ ተደርበው የሚሰብሩት ያን ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ደግሞ ዕዳ የለበትም፤ ብሩ ግን በመካከሉ ዋጋው ወርዶ ይደርሰዋል። እኔ ብሆን አጭር ዕቁብ፣ ከስድስት ወይም ከስምንት ሰው ያልበለጠ፣ እመርጣለሁ፤ ዕጣው መቼም ይውጣ መቼ ዕቁቡ እስኪያልቅ ሽቦውን አላሳስርም፤ ከዕጣውም የስድስት ወር ክፍያ ሳልነካ አስቀምጣለሁ። በአሜሪካ አጎት ያለውም ቢሆን የሁለት ዓመቱን ሒሳብ አስልቶ ይንገረው እንጂ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነግሮት በኋላ በየወሩ አያስጨንቀው።

አሁን ወደ ማኅበራችን እመለሳለሁ። አንድ ተማሪ ብቻውን በክሊኒክ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ስለ ዋጋ ሊከራከር አይችልም። የተማሪዎች ማኅበር ግን አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቶ በከተማው ላሉ ክሊኒኮች ሊልክ ይችላል። በወረቀቱ ላይ ጥቂት ጥያቄ ይበቃል፤ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው፤ በውስጡ ራጅ፣ መንቀል፣ የተሰበረ መያዣና ማገቻ ይገኛሉ ወይ፤ ዋጋው እስከ ፍጻሜው የጸና ነው ወይ፤ ሕክምናው ከተባለው ጊዜ ቢያልፍ የትርፉን ወራት ማን ይከፍላል፤ ተማሪው ከተማውን ቢለቅ ስንት ይመለስለታል፤ ራጁንና መዝገቡንስ ይዞ መሄድ ይችላል ወይ፤ ሐኪሙስ ስፔሻሊስት ነው ወይ። መልሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በየመንፈቁም ይታደስ።

ክሊኒኮቹ አይመልሱም የሚል ተቃውሞ አስቀድሜ ሰምቻለሁ። አንዳንዶቹ አይመልሱ ይሆናል። ያልመለሰውም ቢሆን ስሙ ከዝርዝሩ አይሰረዝ፤ ከስሙ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ከሌሎቹ ጋር ይለጠፍ።