«ተራራው ላይ አውርደን» ለምትሉ

ሄሊኮፕተር ተከራይታችሁ እንግዳ ለምታጓጉዙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የዝግጅት አስተባባሪዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከጉለሌ ነው። በክረምት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስታዩ እንጦጦ ጧት ጥርት ብሎ ይቆይና ከሰዓት ጉም ወርዶ ባሕር ዛፉን ይሸፍነዋል። ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። እዚያ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ይሳሳል፤ ራስ ዳሸን ላይ ደግሞ ከሲሶ በላይ። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ከቦሌ ይዞት የተነሳውን ጭነት ተራራው ላይ ላይችለው ይችላል።

እናንተ ግን ማረፊያውን የምትመርጡት ለመድረኩ ስለቀረበ ነው። ሰዓቱን በመርሐ ግብሩ ትቆርጣላችሁ፤ በመጨረሻም «አንድ ሰው ብቻ እንጨምር» ይባላል። አብራሪው የሚጠየቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. አላስካ ውስጥ በረዷማ ሸንተረር ላይ ሊያርፍ የነበረ ሄሊኮፕተር ተከስክሶ፣ ከተሳፈሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ቼኩ ቱጃር ፔትር ኬልነር አንዱ ነበር። ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ መሬቱ ሲጠፋበት አብራሪው ተገቢውን እርምጃ አልወሰደም፤ መርማሪዎቹ የድርጅቱን የሥልጠና ጉድለትም ጠቅሰዋል።

እኛ ዘንድ የበረዶውን ሥራ አቧራ ይሠራል። በበጋ የታረሰ ማሳ ላይ ሲወረድ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሜትር ሲቀረው መስታወቱ ቡናማ ይሆናል። አብራሪው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይሁን ቀጥ ብሎ እየወረደ መለየት ያቅተዋል። በዚያችው ቅጽበት ሕዝቡ ሊቀበል ግልብጥ ብሎ ይሮጣል፤ የጅራቱ ፕሮፔለር ደግሞ ሲሽከረከር ለዓይን አይታይም። ይህን ማሰብ ብቻውን ያስፈራኛል።

ተራራና ደመና ምን እንደሚያደርሱ አገራችን ታውቃለች። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎች ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲበሩ አውሮፕላናቸው በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተላተመ። ስብርባሪው የተገኘው ከ6 ቀን በኋላ ነው።

ሄሊኮፕተር ይቅር አልልም። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥቷል፤ እንዲህ ያለው በረራ ነገም ያስፈልገናል።

ስለዚህ ማረፊያውን አብራሪው አስቀድሞ ይየው፤ ጭነቱንና ሰዓቱን እሱ ይወስን። ሜዳው ውኃ ይረጭበት፣ ሰው በገመድ ይከልከል። የት እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ የሚከታተል ሰው መሬት ላይ ይኑር። አብራሪው «አላርፍም» ካለ ማንም ስልክ አይደውልበት፤ እንግዳችሁ በመኪና ይምጣ።