ዳቦ ወይስ ትእዛዝ? የሮማኖቭ ዘውድ አወዳደቅ

እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1917 በፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ዳቦ እየጠየቁ አደባባይ ወጡ። በሳምንቱ፣ ማርች 15 ቀን፣ ዳግማዊ ዛር ኒኮላስ ዙፋናቸውን ለቀቁ። በማግስቱም ወንድማቸው ሚካኤል ዘውዱን ሳይቀበሉ በመቅረታቸው ከ1613 ጀምሮ የገዛው የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት አከተመ።

ይህን ውድቀት በዳቦ እጥረት ብቻ ማስረዳት የተለመደ ቢሆንም በቂ አይደለም። በ1905ም ዓመፁ አገሪቱን አዳርሶ ነበር፤ አብዛኛው ሠራዊት ታማኝ ሆኖ በመቆየቱ ግን ዘውዱ ተረፈ። በ1917 የተለወጠው የወታደሩ ታዛዥነት ነው። በዋና ከተማዋ የሰፈረው ጦር በአብዛኛው ለጦርነቱ የተመለመለ የገበሬ ልጅ ነበር። ማርች 11 ቀን በሰልፈኛው ላይ እንዲተኩስ ታዘዘ፤ ተኩሶም ብዙዎችን ገደለ። በማግስቱ ግን የቮሊንስኪ ሬጅመንት ወታደሮች ዳግመኛ አንተኩስም ብለው አመፁ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በመጨረሻም የጦር አዛዦቹ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸውን እንዲለቁ መከሩ።

ይህ ማለት የሴቶቹ ሰልፍ ሚና አነስተኛ ነበር ማለት አይደለም፤ ወታደሩን ከኅሊናው ጋር ያፋጠጠው እርሱ ነውና። ሆኖም የሕዝብ ቁጣ ዙፋንን ያናጋል እንጂ ብቻውን አይጥልም፤ ዙፋኑ የሚወድቀው ታዛዡ እምቢ ባለ ጊዜ ነው። ስለሆነም የአብዮትን መንሥኤ የሚያጠና ተመራማሪ ከዳቦው ሰልፍ ባሻገር የጦር ሰፈሩንም ውስጥ ሊመረምር ይገባል።